ቴክኖ የማን ልጅ ነው? የታይዋን፣ የቻይና ወይስ የኛ?

ሰላም ሰላም አቦ! እንዴት ናችሁ? ከበስተጀርባ «ቭቭቭ» የሚለው ቬንትሌተሩ ነው። ይቅርታ፣ ድሬ ላይ እሱን ካጠፋሁት እኔም እጠፋለሁ። ታገሱኝ።

ዛሬ ስለ ቴክኖ ነው። አዎ፣ ስለ ቴክኖ። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው፣ ወይ እናታችሁ ጋ ያለው፣ ወይ ደግሞ ባትሪው አብጦ መሳቢያ ውስጥ የተኛው። ዛሬ ግዙፍ ድርጅት ነው። እኔ የማወራችሁ ግን ማንም ሳያውቀው፣ ትንሽ ሆኖ ስለጀመረበት ጊዜ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ እጠራለሁ። በኛ ስጠራ እነግራችኋለሁ።

ዡ ዣውጂያንግ የሚባል ሰውዬ አለ። ኒንቦ በርድ የሚባል የቻይና ስልክ አምራች ውስጥ ሻጭ ነበር። ልብ በሉ፣ ሻጭ። ሥራው ስልክ መፈልሰፍ አልነበረም፣ መሸጥ ነበር። ለውጭ ገበያ ተልኮ አገር ላገር ዞረ፣ አፍሪካንም አየ። 2006 ላይ ሆንግ ኮንግ ውስጥ የራሱን ድርጅት ከፈተ። ዛሬ ትራንሽን የሚባለው እሱ ነው። ቴክኖን አመጣ። በዓመቱ አይቴልን አስከተለ። ኢንፊኒክስም በኋላ እዚሁ ቤት ገባ። «ቴክኖ ይሻላል፣ ኢንፊኒክስ ይሻላል» እያላችሁ የምትጣሉ ሰዎች፣ በወንድማማቾች መሀል ነው የገባችሁት።

እሺ። አሁን ስልኩን አንዴ ተዉትና ስለ ባቡር ላውራችሁ። ቻናሉን የምትከታተሉ ታውቁኛላችሁ፣ ባቡር ያልገባበት ቪዲዮ የለኝም። የድሬ ልጅ ነኝ፣ ምን ላድርግ?

የጅቡቲው ባቡር መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነው። ሐረር! አፄ ምኒልክ 1894 ላይ ለስዊሱ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ የመጀመሪያው መስመር ከጅቡቲ ሐረር ነበር። ትክክልም ነው። ንግዱ ሐረር፣ ቡናው ሐረር፣ ገንዘቡ ሐረር። ግን ሐረር ያለችው ተራራ ላይ ነው። ደንገጎን በመኪና የወጣ ሰው ያውቀዋል፣ ጆሮ ይደፍናል። ሐዲድ እዚያ ማውጣት ገንዘብ ይበላል። ታዲያ ምን አደረጉ? አልወጡም። ከሥር ቆሙ። 1902 መጨረሻ ላይ ባቡሩ እዚህ የዛሬዋ ድሬዳዋ ሜዳ ላይ ደረሰ፣ ቦታውም «አዲስ ሐረር» ተባለ። ከዚያ ግሪኩ መጣ፣ አርመኑ መጣ፣ ሕንዱ መጣ፣ የመኑ መጣ። የሐረር ቡና ራሱ ወደዚህ እየወረደ መጫን ጀመረ። ሐረሮች፣ አትቀየሙኝ አቦ፣ ታሪክ ነው።

አሁን ሐረርን አውጡና የቻይናን ገበያ ተኩልኝ። ተራራው ላይ ኖኪያ አለ፣ ሞቶሮላ አለ፣ ሳምሰንግ አለ፣ በርድም ራሱ አለ። ለአንድ አዲስ፣ ትንሽ ድርጅት እዚያ መውጣት ማለት ገንዘብ መጨረስ ነው። ቴክኖ አልወጣም። ከሥር ቆመ። 2008 ላይ ሙሉ ትኩረቱን አፍሪካ ላይ አደረገ። የቻይና ድርጅት ሆኖ፣ ቻይና ውስጥ ስልክ ሳይሸጥ! ትልልቆቹ «እዚያ ምን ገንዘብ አለ» ብለው ባለፉት ሜዳ ላይ ሱቅ ከፈተ።

ምሳሌዬ አንድ ቦታ ላይ ይሰበራል፣ ልንገራችሁ። የባቡር ድርጅቱ በኋላ ከስሯል። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው 1917 ነው። ቴክኖ ግን አልከሰረም። ባቡሩን ያመጣሁት ስለምወደው ጭምር ነው፣ አልደብቃችሁም።

ቴክኒኩን ደግሞ በሩጫ፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁና። ናይጄሪያን በመሰሉ አገሮች ብዙ ኦፕሬተር፣ ማለትም ብዙ የቴሌኮም ድርጅት አለ። ከአንዱ ወደ ሌላው መደወል ውድ ነበር። ሰው ሁለት ሦስት ሲም ይይዝና ባትሪ እየነቀለ ይቀያይራል። ቴክኖ ባለ ሁለት ሲም አቀረበ። ውስጡ ግን ከኔትወርክ ጋር የሚያገናኘው ክፍል (ሬዲዮው) አንድ ነው፣ ሁለቱን ሲሞች በየተራ ነው የሚያዳምጠው። በአንዱ እያወራችሁ በሌላው የደወለ ሰው የማያገኛችሁ ለዚህ ነው። ርካሽ የሆነውም ለዚህ ነው። ባትሪው ይቆያል። ካሜራው ጠቆር ያለ ፊት ላይ ብርሃን እንዲጨምር ተስተካክሏል። የአማርኛ ፊደል ያለው ስልክ ቀድመው ካመጡት አንዱ ነው። ጨረስኩ። ያልገባችሁ ካለ ኮመንት ላይ ጠይቁ፣ ላይክ አድርጋችሁ ግን!

ኮመንት ስል... ባለፈው «ቀጣዩ ቪዲዮ ስለ ቴክኖ ነው» ካልኩ ወዲህ አንድ ነገር እየተደጋገመ ይጻፍልኛል። «ቴክኖ የታይዋን ነው እኮ! እኔ ራሴ ከታይዋን ነው የገዛሁት!»

አቦ! የገዛኸው ከየትኛው ታይዋን ነው? ከድሬው ታይዋን! ለማታውቁት፣ ታይዋን እዚህ ድሬዳዋ ያለ ገበያ ነው። ልብሱ፣ ሽቶው፣ ስልኩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሁሉም አለ። ከየት እንደገባ ግን ብዙ አይጠየቅም። ታይዋን ከተማው ውስጥ ነው፣ ባጃጅ ያደርሳችኋል፣ ፓስፖርት አያስፈልግም። ስለዚህ አይደለም፣ ቴክኖ የታይዋን አይደለም።

ግን ቆይ። ቆይ ቆይ። ሲሶውን ልክ ነህ። ምክንያቱም ብዙዎቹ የቴክኖ ስልኮች ውስጥ ያለው ቺፕ የሚዲያቴክ ነው። ሚዲያቴክ ደግሞ የእውነተኛዋ የታይዋን ድርጅት ነው። ይሄ ድርጅት ቺፑን ብቻ ሳይሆን የስልኩን አሠራር ጭምር አዘጋጅቶ ነበር የሚሸጠው። ያ ባይኖር ትናንሽ የቻይና ድርጅቶች ከባዶ ተነስተው በርካሽ ስልክ ማውጣት አይችሉም ነበር። ስለዚህ ታይዋን ገብታችሁ፣ ታይዋን ያለበት ስልክ ገዝታችሁ፣ ስልኩ ግን የቻይና ነው። እኔም ሳወራው ዞረብኝ።

ሌላው ወገን ደግሞ አለ። «ካርቶኑ ላይ ኢትዮጵያ ይላል፣ የኛ ነው!» ይላል። ትራንሽን 2011 ላይ እዚህ አገር ስልክ መገጣጠም ጀምሯል፣ እውነት ነው። መገጣጠም ነው ግን። ቺፑ ያለበት ቦርድ ተሠርቶ ይመጣል፤ እዚህ ስክሪኑ፣ ባትሪው፣ ሽፋኑ ይገጠማል፣ ይፈተሻል፣ ይታሸጋል። ያለቀለት ስልክ ከሚያስገባ ሰው ይልቅ ክፍሎቹን የሚያስገባው ያነሰ ቀረጥ ይከፍላል። በኔ አስተያየት ሥራው ሥራ ነው፣ ልጆች እንጀራ ይበሉበታል፣ አልንቀውም። «ያገር ምርት» ብሎ ደረት መንፋት ግን ትንሽ ይበዛል።

ለገጣጣሚው ራስ ምታቱ ማን ነበር? ኮንትሮባንድ! ቀረጥ ካልከፈለ ስልክ ጋር በዋጋ መወዳደር አይቻልም። 2017 ላይ ኢትዮ ቴሌኮም ስልኮችን በመለያ ቁጥራቸው መመዝገብ ሲጀምር ዒላማው አንዱ ይሄ ነበር። ታይዋን ውስጥ ያኔ የነበረውን ፊት አስቡት፣ እኔ ምንም አልልም፣ ጎረቤቶቼ ናቸው።

በዚያው ጊዜ አካባቢ የትራንሽን ስልኮች አፍሪካ ውስጥ በሽያጭ ብዛት ሳምሰንግን ቀደሙ። መስከረም 30 ቀን 2019፣ ይሄም በፈረንጅ ነው፣ ድርጅቱ ሻንጋይ የአክሲዮን ገበያ ገባ።

አንድ ነገር ቀረኝ። እኛ አገር ለዓመታት ኦፕሬተሩ አንድ ብቻ ነበር። ታዲያ ሁለተኛው የሲም ቦታ ለምን ይጠቅመን ነበር? ለአንዳንዱ ለሥራ ቁጥር፣ ለአንዳንዱ... ይቅር፣ ቤተሰብ ያያል። እውነተኛ ሥራ ያገኘው በኛ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ነው። ያን ቀን ሁለተኛው ኦፕሬተር ሳፋሪኮም የሙከራ አገልግሎቱን ሲጀምር የት ጀመረ? አዲስ አበባ እንዳትሉኝ! ድሬዳዋ ነው፣ አቦ! አዲስ አበባ መስከረም መጨረሻ ላይ ነው የደረሳት።

በሚቀጥለው አይቴልን ብቻ ለይቼ እመጣለሁ፣ ባለ አራት ሲሙን ጭምር። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፣ ደወሏንም ንኳት። እኔ አሁን ወደ ምሳ ነኝ፣ ከምሳ በኋላ ድሬ ላይ ማንም አያገኘኝም፣ በሁለቱም ሲም። ቻው!