«ፎቶ፦ ከሶሻል ሚዲያ»፤ ባለቤቱስ?

[ስክሪኑ ላይ፦ አንድ ዜና፤ ከፎቶው ሥር በደቃቅ ፊደል «ፎቶ፦ ከሶሻል ሚዲያ»]

ይህቺን ጽሑፍ ሳታውቋት አትቀሩም። ቴሌግራም ላይ አለች፣ ዩቲዩብ ላይ አለች። ሶሻል ሚዲያ ግን ካሜራ አንግቶ አይዞርም። ያነሳው ሰው አለ።

ስለ አንዱ ላውራችሁ። ዳንኤል ሞሬል ይባላል፤ ሄይቲያዊ የፎቶ ጋዜጠኛ ነው። ጥር 4 ቀን 2002 ዓ.ም. ዋና ከተማዋ ፖርት ኦ ፕራንስ ውስጥ ነበር። በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ምድር ተንቀጠቀጠች። ሞሬል እየዞረ አነሳ። ከፎቶዎቹ በአንዱ ላይ አንዲት ሴት ከፍርስራሹ መሃል ብቅ ብላ ታያለች። ፊቷ በአቧራ ነጥቷል። አንዴ ያያት ሰው ቶሎ አይረሳትም።

ከዚያ ኢንተርኔት ያለበት ሆቴል አገኘ። በዚያው ምሽት የትዊተር አካውንት ከፍቶ 13 ፎቶዎች ትዊትፒክ ላይ ጫነ። ትዊትፒክ ያኔ ትዊተር ላይ ፎቶ ለመለጠፍ የሚያገለግል ገጽ ነበር።

[ስክሪኑ ላይ፦ ሁለት አካውንቶች ጎን ለጎን፣ ያው ፎቶ]

ብዙም ሳይቆይ ሄይቲ ውስጥ እንኳ ያልነበረ አንድ ሰው ፎቶዎቹን አውርዶ በራሱ ገጽ ላይ ለጠፋቸው። የፈረንሳዩ ዜና ወኪል ኤኤፍፒ የወሰዳቸው ከዚህ ሰው ገጽ ነው። የእሱን ስም ጽፎ አሠራጫቸው። ፎቶ በሚሸጠው ድርጅት በጌቲ ኢሜጅስ በኩልም ዋሽንግተን ፖስትን ጨምሮ ለብዙ ደንበኞች ደረሱ።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ስህተቱ ሲታወቅ ኤኤፍፒ ስሙን ወደ ሞሬል ቀየረ። በቃ፣ ተስተካከለ? አልተስተካከለም። ሞሬል ፈቃድ አልሰጠማ! ክሬዲት መጻፍ ሌላ፣ ማስፈቀድ ሌላ። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ስሙን ጽፌለት የለ እንዴ?» እንላለን። ኋላ ላይ ኤኤፍፒ ፎቶዎቹን እንዳትጠቀሙ የሚል ማስታወቂያ አወጣ፤ ፎቶዎቹ ግን ከእጅ ወጥተው ነበር።

ሞሬል መብቴ ተነካ ሲል መጀመሪያ ወደ ፍርድ ቤት የሄደው ማን ይመስላችኋል? ኤኤፍፒ። «መብቱን አልጣስኩም» ተብሎ እንዲወሰንለት ኒውዮርክ ላይ ከሰሰው። «የሌባ ዓይነ ደረቅ፣ መልሶ ልብ ያደርቅ» የሚለው ተረት ትዝ ይላል። ሞሬልም መልሶ ከሰሰ።

የኤኤፍፒ ዋና መከራከሪያ የትዊተር ደንብ ነበር፦ እዚያ የለጠፈ ሰው ሌላውም እንዲጠቀም ፈቅዷል የሚል። ዳኛዋ አልተቀበሉትም። ደንቡ ለኤኤፍፒ እንዲህ ያለ ፈቃድ አይሰጥም አሉ። የቤትህን ቁልፍ ለተከራይ ሰጠህ ማለት መንገደኛው ሁሉ ገብቶ ይደር ማለት አይደለም። ኅዳር 2006 ላይ ደግሞ የኒውዮርክ ጁሪ (ከተራ ዜጎች የተውጣጣ ፈራጅ ቡድን) ኤኤፍፒና ጌቲ ሆን ብለው መብት ጥሰዋል ብሎ፣ ለ8 ፎቶዎች 1.2 ሚሊዮን ዶላር ፈረደባቸው።

[ስክሪኑ ላይ፦ አዋጅ ቁጥር 410/1996]

«ይሄ የአሜሪካ ነው» የሚል አይጠፋም። እኛም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ አለን። ሥራው ጥበቃ የሚያገኘው ሲፈጠር ጀምሮ ነው፤ አስመዝግቡ አይልም። ዜናው ራሱ፣ ማለትም የሆነው ነገር፣ የማንም ንብረት አይደለም። መንቀጥቀጡን ማንም መዘገብ ይችላል። የሚጠበቀው ጋዜጠኛው የጻፈበት አኳኋን ነው። ምንጩንና የጸሐፊውን ስም ጠቅሶ በልኩ መጥቀስም ይፈቀዳል። ሙሉውን ገልብጦ «ምንጭ» ማለት ግን መጥቀስ አይባልም።

ቅጣቱስ? አዋጁ በ1996 ሲወጣ የሞራል ካሳው ከ100,000 ብር እንዳያንስ ደንግጎ ነበር። ሆን ብሎ ለጣሰ ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት አስቀምጦ ነበር። አስር ዓመት! እኔም መጀመሪያ ሳነበው ዓይኔን ተጠራጥሬ ደግሜ አየሁት።

[ስክሪኑ ላይ፦ የኢንቦክስ መልእክት]

ስለዚህ ነገ አንድ ፎቶ ዓይናችሁ ውስጥ ከገባ፣ መጀመሪያ የተለጠፈበትን ሰዓት እዩ፤ ከዚያ ቀድሞ የለጠፈ ካለ ፈልጉ። ቀጥሎ ኢንቦክስ ግቡ፦ «ሰላም፣ ፎቶውን ያነሱት እርስዎ ነዎት? የት ሆነው? ብንጠቀምበት ይፈቅዱልናል? በማን ስም ይውጣ?» መልሱ እስኪመጣ ዜናው ያለ ፎቶ ይውጣ።