የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ዝቅ ያለ ጣሪያ፣ ሰፊ መስታወት፣ የገጠር ቤት

ጥያቄ (ከገራዶ፣ ደሴ ዙሪያ)፦ «በፈረንጆቹ 1950ዎቹ የተለመደውን፣ ጣሪያው ጠፍጣፋ፣ ሳሎኑ መስታወት የሆነ ቤት ለወላጆቻችን ልንሠራ ነው። ቆርቆሮውን በዙሪያው ግንብ አስነሥተን ብንደብቀው ክረምቱን ይችላል?»

መልስ፦ ግንቡን ተዉት። የዚያ ዘመን ቤቶች ሁሉ ጠፍጣፋ አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ጣሪያቸው በትንሹ የሚያዘቀዝቅ፣ ጠርዙም ከግድግዳው ራቅ ብሎ የሚወጣ ነበር። ለወሎ ክረምት የሚስማማውም እሱ ነው።

ቆርቆሮው በየሜትሩ 18 ሴንቲ ሜትር ይውረድ። ከዚህ ካነሰ ውሃው ይዘገይና በመደራረቢያው በኩል ወደ ኋላ ይሳባል፤ በረዶ ሲጥልማ ይገደባል። 8 ሜትር ስፋት ያለው ቤት ግራና ቀኝ ቢከፈል መሐሉ ከጫፎቹ የሚበልጠው በ72 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከመንገድ ላይ ለሚያየው ጠፍጣፋ ይመስላል። የላይኛው ቆርቆሮ የታችኛውን 20 ሴንቲ ሜትር ይደርብ፣ በጎን ደግሞ ሁለት ሞገድ። ምስማሩ ሞገዱ ጀርባ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ አይመታም።

ግንቡን የግድ ካላችሁ አሸንዳው ከግንቡ ውስጥ ይቀራል፤ ችግሩም እዚያ ነው። በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዶፍ 100 ካሬ ጣሪያ ላይ በደቂቃ 170 ሊትር ገደማ ያወርዳል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አንዱን ቱቦ ሲደፍነው ውሃው ወደ ኮርኒሱ ይገባል። ስለዚህ ባለ 110 ሚሊ ሜትር ሁለት ቱቦ፣ በተጨማሪም ከአሸንዳው ከንፈር 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ወደ ውጭ የሚያፈስ ቀዳዳ ያስፈልጋል።

ጥያቄ (ከዚያው አድማጭ)፦ «መስታወቱ በየት በኩል ይሁን?»

መልስ፦ በደቡብ። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ጣሪያው መስታወቱ አናት ላይ 60 ሴንቲ ሜትር ቢወጣ የሚከልለው የላይኛውን 87 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ በታች ሙቀት ይገባል፤ ለደሴ ብርድ ደግ ነው። በመጋቢት እኩለ ቀን ግን መስታወቱ በሙሉ ይጠለላል። ምዕራብን ግን ማንኛውም ጠርዝ አይከልለውም፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ትመጣለች። በዚያ በኩል ትንሽ መስኮት ይበቃል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ ዙሪያ)፦ «ቦታችን ዋልካ ነው። ወለሉን ከግቢው እኩል ማድረግ ይቻላል?»

መልስ፦ አይሆንም። ዋልካ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሊሾውም አብሮት ይሰነጠቃል። ዋልካውን ጠንካራው አፈር እስኪገኝ አውጡት፤ በምትኩ ገረጋንቲ በ20 ሴንቲ ሜትር ንብርብር እያረጠባችሁ ጠቅጥቁ፤ ወለሉን ከግቢው 45 ሴንቲ ሜትር አንሡ። ዙሪያውን አንድ ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘቀዘቀ ሲሚንቶ አድርጉ፤ የአሸንዳው ውሃም ከመሠረቱ ርቆ ይፍሰስ።