ቀኙን አምጣ

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ? ዛሬ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። ድምፁ ከገባ ታገሡኝ። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ጦሳ ከጠዋት ጀምሮ ጉሙን ለብሶ አላወለቀም።

ባለፈው የጀመርኩትን የጾም ነገር ዛሬ እጨርሳለሁ ብያችሁ ነበር። አልቻልኩም። ያቺ የጸሎተ ሐሙሷ ነገር አልለቀቀችኝም። ፋሲካ ካለፈ ይኸው ስንት ጊዜው።

እግር እጥበቱ ላይ ተራዬ ደረሰ። ካልሲዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። አባ ጎንበስ ብለዋል፤ አንድ ዲያቆን ኩስኩስቱን ይዞ ያፈስላቸዋል። የወይራና የወይን ቅጠሉን ውኃው ውስጥ ነከሩና ግራ እግሬን ያዙ። ይሮጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ሰልፉ ረጅም ነዋ። አልሮጡም። በጣቶቼ መሃል አንድ በአንድ ቅጠሉን አሳለፉት። እኔ እግሬን ሳብኩ። ለምን እንደሳብኩት አላውቅም፤ ማለቴ... አውቃለሁ። ቁርጭምጭሚቴን ያዝ አደረጉና «ቆይ ልጄ» አሉ። ከዚያ «ቀኙን አምጣ።»

ይኸው ነው። ሌላ ቃል የለም።

ከዚያ ሦስት ሳምንት በፊት ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ ነበር። እኔ የሰንበት ተማሪዎቹን ወክዬ ገብቻለሁ። አባ ጉንፋን ይዟቸው ቀርተዋል። ተነሣሁና «አባ ደክመዋል፤ ደብሩ ዘመኑን የሚመጥን መሪ ያስፈልገዋል» አልኩ። ውሸት አልነበረም። ሒሳቡ ሁለት ዓመት ሳይዘጋ ቆይቷል። ልጆቹ የሚማሩት በሚያፈስ አዳራሽ ነው። ምእመኑና ወጣቱ ከካህናቱ ጋር ቁጭ ብሎ ይምከር ተብሎ ነው እኮ በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ የሚባለው የሰበካ ጉባኤ ደንብ የወጣው። ታዲያ ካልተናገርኩ ለምን እገባለሁ?

ግን ስናገር ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ደስ አለኝ። የአዳራሹን ቆርቆሮ ረሳሁት። ድምፄ አማረኝ። እውነቱ ይሄ ነው።

አባ ይህን ሰምተዋል? አላውቅም። ደሴ ላይ ግን ጠዋት የተባለ ነገር ከሁለተኛው ስኒ በፊት ሰፈሩን ይዞራል።

ጌታ እግር ሲያጥብ ጴጥሮስ «አታጥበኝም» አለ አይደል? እግሬን ስስብ ጴጥሮስን የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ማታ ስተኛ ግን ይሁዳም እዚያው እንደነበረ ትዝ አለኝ። የእሱም እግር ታጥቧል። እሱ እግሩን ስቦ ይሆን? አልተጻፈም። ዝም ብሎ ሰጥቶ ይሆናል።

ያኔውኑ ይቅር በሉኝ እንዳልላቸው ሕማማት ነው። በዚያ ሳምንት መስቀል አንሳለምም፣ ካህኑም «እግዚአብሔር ይፍታ» አይልም። እስከ ትንሣኤ ልታገሥ አልኩ። ትንሣኤም መጣ። ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። ጰራቅሊጦስም...

ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? እዚሁ አጠገባችን ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እዚያ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዝሙር ነበሩ። ትውፊቱ እንደሚለው ከዚያ ደብረ ዳሞ ሄደው የምንኩስና ልብስ የሆኑትን ቆብና አስኬማ ተቀበሉ። ሲመለሱ ደግሞ መምህሩ አባ ኢየሱስ ሞዓ ያንኑ ቆብና አስኬማ ከተማሪያቸው ተቀበሉ። መምህር ከተማሪው! ይህን ሳስብ ሁሌ የማየው መምህሩን ነበር፤ ምን ዓይነት ትሕትና ነው እያልኩ። ሰሞኑን ግን የማየው ተማሪውን ነው። እጁ አልተንቀጠቀጠም? አስኬማውን በመምህሩ ላይ ሲያደርግ ወዴት አየ?

በዚህ በኩል ደግሞ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ጉባኤ ጠርተው የካህናቱን ክርክር በአንድ ፍርድ ዘጉ፤ የወሎ ሙስሊምም ተጠመቅ ተባለ። አዋጅ ሰውን ወንዝ ድረስ ይወስደዋል። ከዚያ ወዲያ ግን... ይሄን ሌላ ቀን ብናወራው ይሻላል፤ ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ ያለ ጉዳይ ነው። የእኔም አያት ቤት።

ጎረቤታችን ሐጂ ነገሩን አጫውቻቸው ነበር። እሳቸው ምን አሉ? «አብሽር ልጄ! ዛሬውኑ ሂድና እግራቸው ላይ ውደቅ። አዛውንት አይቀየምም።» ለሐጂ ቀላል ነው። አባንም ከአርባ ዓመት በላይ ያውቋቸዋል፤ ለቅሶም ሠርግም አብረው ነው የሚውሉት።

እሑድ ደግሞ ምርጫ ነው። ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢነት ስሜ ተይዟል። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ መሪነትን መመኘት መልካም ሥራን መመኘት ነው ይላል። ምኞቱን አልነቀፈውም። ወረድ ብሎ ግን ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን ሲዘረዝር አንድ ቃል አለች፤ «ገር» የምትል። እሷ ላይ ስደርስ አላልፍም። ገር ነኝ? ስብሰባው ላይ ገር ነበርኩ? ደግሞ ገርነት ብቻውን ጣሪያ አያስጠግንም። ያን ቀን ያልኩትን አሁንም እለዋለሁ መሰለኝ። በሌላ አፍ። ወይም እሳቸው ባሉበት። እንጃ።

ስሜን ላስወጣ ወይስ ልተወው? ማስወጣቱም ራሱ ትሕትናዬን እዩልኝ እንዳይሆንብኝ ፈራሁ።

ነገ ኪዳን ላይ አባ ይኖራሉ። እኔም እሄዳለሁ። ከኪዳን በኋላ በሰሜኑ በር በኩል ነው የሚወጡት፤ እዚያ ጋ ብቆም...

«ቀኙን አምጣ» ሲሉኝ ቀና ብለው አይተውኝ ነበር? እሱን አላስታውስም። ስንት ጊዜ ለማስታወስ ሞከርኩ። የማስታውሰው እጃቸውን ብቻ ነው። አውራ ጣታቸው ላይ አንዲት የወይራ ቅጠል ተለጥፋ ነበር፤ ውኃው እየፈሰሰባት እንኳ አልወረደችም።