ማነው ተበዳሪ?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከኋላ ድምፅ ከሰማችሁ የባጃጅ ነው፤ የምቀዳው ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ስለሆነ መስኮቱን ብዘጋውም አይተወኝም።

ከጎርጎራ እስከ ስሜን ያደረግነውን ጉዞ ንገሪን ስትሉኝ ከርማችኋል። ዛሬ እነግራችኋለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ ስፖርቱ ትንሽ ላውራችሁ፤ እሱን ሳታውቁት የኛ ነገር ዝም ብሎ ሽርሽር ይመስላችኋል።

አድቬንቸር ሬስ ይሉታል። ብዙ ጊዜ አራት ሰው አንድ ቡድን ይሆናል፤ ቡድኑ ሴትም ወንድም የተቀላቀለበት መሆን አለበት። በእግር፣ በብስክሌት፣ በጀልባ፣ አንዳንዴም በገመድ ገደል እየተወረደ ቀንና ሌሊት ይኬዳል። በረጅሞቹ ውድድሮች ሰዓቱ አይቆምም፤ ብትተኙም ይቆጥራል፣ ብትበሉም ይቆጥራል። ስለዚህ መቼ እንደምትተኙ ራሱ የውድድሩ አካል ነው። እንቅልፍ ያጡ ተወዳዳሪዎች ድንጋዩ ሰው፣ ቁጥቋጦው ቤት መስሎ ሲታያቸው የተለመደ ነው። ጂፒኤስ የለም፣ ስልክ የለም፤ ካርታና ኮምፓስ ብቻ። የሚሰጣችሁ ማለፍ ያለባችሁ ነጥቦች ናቸው፤ በመካከላቸው በየት በኩል እንደምትሄዱ የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

ኒውዚላንድ ውስጥ ኮስት ቱ ኮስት የሚባል ውድድር አለ፤ የተጀመረው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። የአገሪቱን ደቡብ ደሴት ከአንዱ ጠረፍ እስከ ሌላው ጠረፍ፣ 243 ኪሎ ሜትር፣ በሩጫ፣ በብስክሌትና ካያክ በሚባል ጠባብ ጀልባ ያቋርጣሉ። እሱን ሰው ብቻውን መወዳደር ይችላል። በ1989 ግን ፈረንሳዊው ዤራር ፉዚል እዚያው ኒውዚላንድ ላይ ሬድ ጎሏዝ የተባለውን ውድድር ሲያዘጋጅ ነገሩን የቡድን አደረገው። አብሮ መውጣት፣ አብሮ መግባት። ከዚያ በኋላ የመጡት ትልልቆቹ ውድድሮች ይህንኑ ነው የያዙት። በ2019 ፊጂ ላይ 66 ቡድኖች 671 ኪሎ ሜትር ሲወዳደሩም ሕጉ ያው ነበር።

እኔን የያዘኝ ይሄ ሕግ ነው። በብዙ ውድድሮች ከቡድናችሁ ሰው ከ100 ሜትር በላይ መራቅ አይፈቀድላችሁም። ለቡድኑ የሚመዘገበው ሰዓት የመጨረሻው ሰው የገባበት ሰዓት ነው። አንድ ሰው ካቋረጠ ደግሞ የቀሩት ሦስቱ ቢበሩም ደረጃ የላቸውም። እኛ የሯጭ አገር ልጆች ነን፤ ከአበበ ቢቂላ ጀምሮ ዓይናችን የለመደው የመጀመሪያውን ሰው ማየት ነው። እዚህ ግን ዓይናችሁ መጨረሻ ያለው ሰው ላይ ነው የሚያርፈው።

እንግዲህ እዚህ እንዲህ ያለ ውድድር እስኪመጣ ብንጠብቅ እናረጃለን ብለን የራሳችንን መንገድ ቀየስን። መጀመሪያ ጎርጎራ ዳር በጣና ላይ፣ ከዚያ ከጎርጎራ በብስክሌት ጎንደርን አልፎ እስከ ደባርቅ፣ ከደባርቅ በእግር ስሜን ተራሮች ፓርክ፣ መጨረሻው የብዋሂት ተራራ ጫፍ። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ክረምቱ ወጥቶ አደዩ ገና አልረገፈም። መንገዱ በሚያስኬድበት ጊዜ ነው የሄድነው። የዚህ አካባቢ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

አራት ነበርን። እኔ፤ ቀን ቀን ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። የአክስቴ ልጅ። አዘዞ ላይ ብስክሌት የሚሠራ ወዳጃችን። አንድ ደግሞ የደባርቅ ልጅ፣ አስጎብኚ። ከመነሳታችን በፊት አንድ ነገር ተስማማን፤ ሐሳቡ የአክስቴ ልጅ ነው። በቆምን ቁጥር አንዳችን “ማነው ተበዳሪ?” ብሎ ይጠይቃል፣ ሁሉም ይመልሳል። ጉልበት የተረፈው አበዳሪ ነው፣ የጎደለው ተበዳሪ። “ደህና ነኝ” ማለት ክልክል ነው። ከሁለቱ አንዱን መሆን አለባችሁ።

ጣና ላይ የሄድነው በታንኳ ነው፣ በደንገሉ። ካያክ ከየት ይመጣል! ባለቤቱ ጎህ ሲቀድ ውጡ፣ ከሰዓት በኋላ ንፋስ አለ አለን፤ እንዳለውም ሆነ። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ጠዋት ሁለት ሰው ብድግ የሚያደርገው ታንኳ ረፋድ ላይ አራታችንም ጎትተን ከዳር ለማውጣት አቃተን። ባለታንኳዎቹ ከሥራ ሲመለሱ አቁመው ፀሐይ ላይ የሚያሰጡት ለዚህ ነው። ሐይቁ ቢልሃርዚያ ስላለበት በየዳሩ እየወረዱ መንቦራጨቅ የለም፤ ይህን የምላችሁ እንደ ባለሙያ ነው። ስለ ውሃው ይኸው ነው። ገና ጉልበት ነበረን፣ ሁላችንም አበዳሪ ነበርን፣ የሚያበድሩት ሰው አልነበረም።

ብስክሌቱ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠው። ጎርጎራ፣ ጭዋሂት፣ ቆላ ድባ፣ እስከ ጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የደምብያ ሜዳ ስለሆነ እያወራችሁ ትሄዳላችሁ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ግን ሌላ ነው። ኮሶዬን ስታልፉ ዳገቱ አያባራም፣ ንፋሱም ፊት ለፊት ነው። እኔ እግሬ አለቀ። ቆምን፣ ተጠየቀ፤ “ተበዳሪ ነኝ” አልኩ።

ብስክሌት ሠሪው ከኮርቻው ሥር የቋጠረውን መጎተቻ ፈታ። ከአሮጌ ከመነዳሪ እንደ ቀበቶ አድርጎ ቆርጦ፣ ሦስት ድርብ ጎንጉኖ የሠራው ነው። አንዱን ጫፍ በራሱ ኮርቻ ዘንግ፣ ሌላውን በእኔ መሪ ላይ አሰረ። “ሲወጠር ፍሬን እንዳትይዢ” አለኝና ወጣ። ላስቲኩ ቀስ ብሎ ሳበኝ። ሰው ሲጎትታችሁ መጀመሪያ የሚሰማችሁ እፎይታ እንዳይመስላችሁ። እፍረት ነው። አምባ ጊዮርጊስ ከተማ መሃል ስንደርስ ሕፃናቱ “ተጎታች! ተጎታች!” እያሉ ተከተሉን። እሱ ዞር ብሎ “አሁን አንቺ ተበዳሪ ነሽ፤ ተራራው ላይ ትከፍይኛለሽ” አለኝ። ሲጎትተኝ ሁሉ እየዘፈነ ነበር። የሱ ነገር እንዲህ ነው፤ ዳገት ላይ ይዘፍናል።

ፓርኩ ያለ ስካውት፣ ማለትም ያለ ታጣቂ ጠባቂ፣ አያስገባም፤ ስለዚህ ከደባርቅ በኋላ አምስት ሆንን። ጋሼ እንበላቸው። ኮንጎ ጫማ፣ ጋቢ፣ ትከሻ ላይ ጠብመንጃ። እኛ ውድ ጫማ ተጫምተን እሳቸው እየቆሙ ይጠብቁን ነበር። ፓርኩ ውስጥ ግጭ የሚባል ቦታ ላይ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን በሶውን በቅቤ እየለወስኩ ጭብጦ ሳደርግ — ጭብጦ እንዴት ያለ የመንገድ ምግብ መሰላችሁ፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ አይፈስም፣ ብርድ ላይ እንኳ ይታኘካል — “ማነው ተበዳሪ?” ስንባባል ሰሙ። ምንድነው ብለው ጠየቁ፤ አስረዳናቸው። “ይሄማ ወንፈል ነው” አሉ። “ዛሬ ያንተን ማሳ፣ ነገ የኔን። ግን ወንፈል የሚጠራው አዝመራው ሳይረግፍ ነው እንጂ ከረገፈ በኋላ ማን ይመጣልሃል?”

ግጭ ድሮ መንደር ነበረበት፤ ነዋሪው ወደ ደባርቅ የተዛወረው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ፓርኩ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ተርታ ገባ፣ በ2017 ወጣ። ዛሬ ጓሳው አድጎ ጭላዳው በመንጋ ሲግጥበት ታያላችሁ። ደስ ይላል። ግን ጋሼ ያንን ቦታ ሲያልፉ ዝም ነው የሚሉት፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም።

በማግሥቱ ጭነቅ የሚባለው ማደሪያ ደረስን። ጭነቅ 3,600 ሜትር ላይ ነው፣ ብዋሂት 4,400ን ያልፋል። ገና ሳይነጋ ተነሳን። የአስታው ዛፍ አለቀና ጅባራው ብቻ ቀረ፣ ከዚያ ድንጋይ። ጋሼ ቆም አሉና “ይሄ ልጅ ዝም ብሏል” አሉኝ። ብስክሌት ሠሪውን ማለታቸው ነው። እውነትም ዳገት ላይ ነን፣ አይዘፍንም። “ማነው ተበዳሪ?” አልኩ። “አበዳሪ ነኝ” አለ። ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ሊያስር ሞከረ። ጣቶቹ ክሩን ይይዙታል፣ ቋጠሮው ግን አይመጣም። ደጋገመ፣ ደጋገመና እንደተፈታ ተወው። እጁ በቀን ስንት የብስክሌት ካቴና የሚገጥም ሰው ነው!

ተረከዝህን ከጣትህ ጫፍ እያስነካህ ቀጥ ብለህ ተራመድ አልኩት። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ዘመም አለ፤ ጋሼ ያዙት። ይህን ከተራራ ጋር የምትውሉ ሁሉ ልብ በሉልኝ። ከፍታ ላይ ራስ ምታት ብቻ ከሆነ እዚያው አርፎ ማየት ይቻላል፣ እስኪሻል ግን ከዚያ በላይ መውጣት የለም። መንገዳገድ ከተጨመረበት መድኃኒቱ መውረድ ነው፣ ያውም አሁኑኑ። ክኒን አለኝ፣ ሰጥቼዋለሁም፤ ክኒኑ ግን መውረድን አይተካም።

አስጎብኚው “ጫፉ ይኸው ይታያል፤ ሁለታችን ወጥተን እንመለስ፣ እናንተ ይዛችሁት ውረዱ” አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ በዚያ ሰዓት ማንም የሚያስበው ነው። በሽተኛው ራሱ “እኔ ከጋሼ ጋር እወርዳለሁ፣ እናንተ ጨርሱ” ይላል። የአክስቴ ልጅ ነች የቆረጠችው። “ጨርሰን ማን ጨረሰ ልንል ነው?” አለች። ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም፤ ዞርን።

ቦርሳውን ስጠኝ ስለው እምቢ አለ። እየተንገዳገደ እምቢ ይላል! “አምባ ጊዮርጊስን ረሳኸው? ዕዳዬን ልክፈል” አልኩት። ዓይኔን አየኝና አንዱን ማንገቻ አወለቀ፣ ሁለተኛውን እኔ አወለቅሁለት። ጭነቅ ሳንደርስ አነጋገሩ ተስተካከለ፣ ማታ ሾርባ ጠጣ፣ ጠዋት ደህና ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ጉብዝና ላይ ስላለን ሐሳብ ስለምጨነቅ ነው። ጎንደር ላይ ልጅ የሚያድገው “አይዞህ፣ አንተ እኮ ጎበዝ ነህ” እየተባለ ነው። ጥሩ ነው፣ ብዙ ቦታ አድርሶናል። ግን ደከመኝ ማለት ነውር ሆኖበት ያደገ ሰው ሦስት ኪሎ ሸክም በጊዜው አሳልፎ መስጠት ያቅተዋል። ሦስት ኪሎ ደግሞ ጉልበት ላለው ሰው ምንም አይደለም፤ ረፋዱ ላይ ቢሰጥ ማንም አይሰማውም። እስኪወድቅ ከያዘው ግን አራት ሰው ያቆማል። እነዚያ በዓለም ያሉ ጠንካራ ቡድኖች እኮ ሸክም የሚቀባበሉት ሰው እስኪወድቅ ጠብቀው አይደለም፤ መጎተቻውን ገና ከመነሻው ብስክሌታቸው ላይ አስረው ነው የሚወጡት። የሚያበድር ሰው ይመሰገናል፣ ይወራለታል። እኔ ግን ከዚያ ጉዞ ወዲህ የማደንቀው በጊዜ “ተበዳሪ ነኝ” የሚለውን ነው፤ ጊዜ ያተረፈልን እሱ ነው። ብስክሌት ሠሪው ይህን እንዳወራ ፈቅዶልኛል። እንዲያውም “ክሩንም ንገሪያቸው” ብሎኛል።

ብዋሂት አልወጣንም፤ ስለዚህ መንገዱ አላለቀም። የሰሜኑ መንገድ ሲያስኬድ ከጎርጎራ እንደገና እንጀምራለን፣ ከጭነቅ አይደለም። በሚቀጥለው ጉዞ ጭነቅ ላይ ተጨማሪ ሌሊት እናድራለን፣ ሰውነት ከፍታውን ይልመድ። የአክስቴ ልጅ ዋና እየተማረች ነው።

እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ በጠዋት ልምምድ አለን፣ በእግርም በብስክሌትም፣ እዚሁ ከተማው ዙሪያ። መምጣት የምትፈልጉ ጻፉልኝ። ሄልሜት ግዴታ ነው። ብስክሌታችሁን ደግሞ እስከ ዓርብ ለብስክሌት ሠሪው አሳዩት፤ ፍሬኑን ራሱ ሳያይ ማንንም ይዞ አይወጣም። በሉ፣ ደህና ሁኑልኝ።