ዓይን ያወጣ ብረት

ክቡራትና ክቡራን፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «በርጭት የተሠሩ ቅይጦች ጥንካሬና ዝገት» ይላል። እኔ ግን የመጣሁት ለአንድ ነገር ነው። ስለ ቀዳዳ ላወራችሁ።

መግቢያውን ቶሎ ልለፈው። የቀለጠ ብረት ርጭት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዕቃውን ራሱን ከርጭት መገንባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዌልስ ውስጥ፣ ስዋንሲ ላይ፣ ፕሮፌሰር ሲንገር ያዳበሩት ዘዴ ነው። የቀለጠው ብረት ሲወርድ በናይትሮጅን ይመታና ይበተናል። ጠብታው ሙሉ በሙሉ ሳይረጋ የሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ ይከመራል። ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ ውስጡ ደቃቅ ነው። አሉሚኒየም ላይ 25 በመቶ ሲሊከን ጨምራችሁ እንደ ወትሮው ብታፈሱት፣ ሲሊከኑ ትልልቅ ስለት ሆኖ ያድጋል፤ ዕቃው ይሰበራል። በርጭት ግን የጥቂት ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ፍሬ ሆኖ ይሰራጫል። መርሴዲስ የሲሊንደር ላይነር፣ ማለትም ፒስተኑ የሚመላለስበትን የሞተር እጅጌ፣ አሠርቶበታል። እሱም ቢሆን ሲወጣ ቀዳዳ አለው። በትኩሱ ተጨምቆ ቀዳዳው ካልተዘጋ አይታመንም።

ሁለተኛው የእኛው ነው። የተበላ ሻፍት፣ ማለትም የሚሽከረከር ዘንግ፣ ላይ ረጭቶ መሙላት። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት።

ከዓመታት በፊት አንድ ፋብሪካ የፓምፕ ሻፍት አስጠገነ። ተራ ብረት ነው፤ ላዩ ላይ ስቴንለስ ተረጨበት። ቶርኖ ላይ ወጥቶ ተላገ፣ እንደ መስታወት አበራ። የግዥው ሰውዬ ጠየቀ፦ «ጠጣርነቱ ስንት ነው?» ተለካ፣ አለፈ፣ ማኅተም ተመታ። እኔም ፈረምኩ። አዎ፣ እኔም!

ስድስት ወር አልሞላውም። ፓምፑ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፈታነው። ስቴንለሱ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በጥፍር ይነሳል። ሥሩ ቡናማ ዱቄት ነው። ሳይላጥ የቀረውን በአጉሊ መነጽር አየሁት። በመርፌ የተወጋ ይመስላል፤ ከየቀዳዳው ዝገት አልቅሷል።

ውኃው በቀዳዳው ገብቶ ሥር ያለው ብረት ጋ ደርሷል። ስቴንለስና ተራ ብረት ውኃ ውስጥ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ነው የሚሆኑት፤ የሚበላው ተራው ነው። ማለትም ያ የምንኮራበት ሽፋን ሻፍቱን ከዝገት አልጠበቀውም። አስበላው!

እንጀራ ዓይኑ ሲበዛ ጋጋሪዋ ትመሰገናለች። ብረት ዓይን ሲያወጣ ግን እኛ ሠርተፊኬት እንሰጠዋለን። የወረቀቱ ቁጥር ትክክል ነበር፣ ጓዶች። የበሰበሰው ሻፍቱ ነው! እስከ ዛሬ ድረስ አንድ የጨረታ ሰነድ ላይ «ቀዳዳው ስንት በመቶ ነው?» የሚል መስመር አላየሁም። ጠጣርነት፣ ጠጣርነት፣ ጠጣርነት! ሰው ለመሆኑ ጤናው የሚታወቀው ጥርሱን በመቁጠር ነው?

መፈተሻው ደግሞ ውድ አይደለም። ፖታሲየም ፌሪሳያናይድና ጨው ባለበት ውኃ የተነከረ ወረቀት ሽፋኑ ላይ ትለጥፋላችሁ። ሥር ያለው ብረት የተጋለጠበት ቦታ ሰማያዊ ነጥብ ይወጣል። በቃ።

ቀዳዳውን ስለሚደፍነው ማሸጊያ ቅባትና ከርጭቱ በፊት ስለሚደረገው የአሸዋ ምት ጽፌ ነበር፤ ሰዓቱ ሄደ። ማሸጊያውን ርጭቱ እንዳለቀ ቀቡት፣ እርጥበት ሳይቀድማችሁ።

ሻፍቱን ይዤው መጥቻለሁ። በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ወረቀቱም መነጽሩም አብሮ አለ። ለቡና ስትወጡ በጥፍራችሁ ሞክሩት።