ጀርባው ፀሐይ ይሙቅ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ስልኬን ይዤ ጓሮ ወጥቻለሁ። ውሻ ሲጮህ ከሰማችሁ የጎረቤት ነው፣ የኔ አይደለም።

ያለሁት አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ግንቦት አጋምሷል። ፊቴ አይሪስ የሚባል አበባ አምስት ተክሎች አሉ፤ ቁጭ ብዬ እያየኋቸው ነው። ባለቤቴ «ስታፈጪባቸው አፍረው ነው የማያብቡት» ይላል።

ነገሩ የጀመረው ካቻምና ነሐሴ ላይ ነው። ጎረቤቴ፣ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴትዮ፣ አይሪሳቸውን ነቅለው ሲከፋፍሉ በአጥር በኩል አየኋቸው። በየሦስት አራት ዓመቱ ካልተከፋፈለ ተጨናንቆ አበባው ይቀንሳል። አምስቱን በፌስታል ሰጡኝ። ሥሩ ቁርጥ ዝንጅብል! ለእማዬ በቪዲዮ ሳሳያት «ወጥ ልትሠሪበት ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። እንዳትሞክሩት፣ መርዝነት አለው።

እኔ ደግሞ መትከል ማለት መቅበር ይመስለኛል። እንደ ድንች አርቄ ቀበርኩት። ውሃ በየቀኑ። ለሣር የተገዛውንም ማዳበሪያ ጨመርኩለት። በጸደይ ቅጠሉ ሲያምር! አበባ ግን ወፍ የለም። ግንቦት አለፈ፣ ሰኔም አለቀ።

ሴትዮዋን ጠራኋቸው። ተንበርክከው አፈሩን በጣታቸው ጫር ጫር አደረጉት፣ የሥሩ ጀርባ እስኪታይ። «ይሄ ፀሐይ መሞቅ አለበት» አሉኝ። የዚህ ዓይነቱ፣ አበባው ላይ ጢም ያለው አይሪስ፣ በጥልቀት ከተቀበረ ማበቡን ይተዋል። ውሃ ሲበዛበት ይበሰብሳል። የሣር ማዳበሪያ ደግሞ ናይትሮጅኑ ብዙ ስለሆነ ቅጠል ነው የሚያበዛው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፋኝ። በፍቅር ነዋ የቀበርኩት!

ሌላም ነገር ነገሩኝ። አንድ ሥር የሚያብበው አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ ተራው ከጎኑ የሚወጡት ልጆቹ ነው። እኛ አገር እንሰትም አንዴ ነው የሚያብበው። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንዳያመልጠኝ ጠዋት ከቡና በፊት ጓሮ ነኝ።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ቅጠሎቹን ታች በሁለት ጣቴ እየያዝኩ ስዳስስ አንዱ ወፈር አለብኝ። የሌሎቹ እንደ ማራገቢያ ጠፍጣፋ ነው። የዚህኛው ክብ። ሆዱ ውስጥ የአበባ ግንድ ይዟል! በዚያው ሳምንት በረዶ ሊጥል ነው ተባለ፤ ኮሎራዶ ታደርገዋለች። ባልዲ ደፋሁበት፣ ባልዲው ላይ ድንጋይ ጫንኩ። ሌሊት ሁለቴ ተነስቼ አየሁት። በረዶው ሳይጥል ነጋ።

አሁን እምቡጡ ወጥቷል። የእስክሪብቶ ክዳን ያክላል። ቀለሙን አላውቅም። ሴትዮዋም የትኛውን እንደሰጡኝ ረስተውታል፤ እሳቸው ጋ ቢጫም ሐምራዊም አለ። ጫፉ ላይ ግን... ቆይ፣ መነጽሬን ላድርግ... ጠቆር ያለ ነገር አለ። ሐምራዊ መሰለኝ። ወይስ የኔ ጥላ ነው? ውይ፣ ፀሐዩን ከልዬበት ነው። ልነሳ።