የእናቴ ኮፍያ ስንት ዓይን ነበረው?

እንደምን አረፈዳችሁ። አሰላሙ አለይኩም። እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ወንድሞቼ፣ መርሃባ።

ደሴ ላይ ስለ ሹራብ ሥራ ተናገሪ ስባል ደስ ነው ያለኝ። ጦሳ ጉም ለብሶ በሚያድርበት ከተማ ሹራብ ጌጥ አይደለም። ሰው ክረምቱን የሚያልፍበት ነው። ዛሬ የመጣሁት ግን ስለ አሠራሩ ላወራ አይደለም። መሥራቱንማ ታውቁበታላችሁ። የመጣሁት ስለ መጻፍ ነው።

ይህን ኮፍያ እዩት። እዚያ ጥግ ያላችሁም እንድታዩት ከፍ ላድርገው። የሕፃን ኮፍያ ነው። የሠራችው እናቴ ናት። ቀዩም፣ ነጩም፣ አረንጓዴውም ክር ከሰልባጅ ሹራብ ተተርትሮ የወጣ ነው። ለእኔ ልጆች ሠርታለች፣ ለእህቴ ልጆች ሠርታለች፣ በሰፈሩ ለተወለደ ሁሉ ሠርታለች። አንድም ቀን ግን ወረቀት ላይ አላሰፈረችውም። እኔም አልጠየቅኋትም። አጠገቤ ስለነበረች ሁልጊዜ የምትኖር መስሎኝ ነበር።

እሷ ካረፈች በኋላ የወንድሜ ሚስት ወለደች። ያንን ኮፍያ ልሠራ ተቀመጥኩ። እምቢ አለኝ። ሦስት ጊዜ ሠርቼ ሦስት ጊዜ ተረተርኩት። መልኩ ዓይኔ ላይ አለ፣ እጄ ላይ ግን የለም። ከዚያ ይህቺ አንዷ ከሣጥን ሥር ተገኘች። መነጽሬን አድርጌ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። በመርፌ ጫፍ እየነካሁ ዓይኑን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ዓይን የምለው መርፌው ላይ የሚቀመጠውን እያንዳንዱን ቀለበት ነው።

ዙሪያው 84 ዓይን ነው። አናቱ ላይ 7 ቦታ እየቀነሰ ይሄዳል። እኔ ሁልጊዜ ለ8 ነበር የምከፍለው። ለምን 7 እንዳደረገችው የሚነግረኝ ሰው የለም።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የኋላው ነው። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ማጅራቱ ጋ ዝቅ ይላል። እናቴ እዚያ ስትደርስ ዙሩን ሳትጨርስ ከመንገድ ትመለሳለች። 20 ዓይን ያህል ሄዳ ትመለሳለች፣ ትንሽ ጨምራ ትሄድና እንደገና ትመለሳለች። ሦስት ጊዜ ሄዳ ሦስት ጊዜ ተመልሳለች። ከኋላ በኩል ብቻ 6 መስመር ተጨመረ ማለት ነው። ለምን? ቆይቶ ነው የገባኝ። ልጁ ኮፍያውን የሚያደርገው አንቀልባ ላይ ሆኖ ነው። እናቱ ጀርባ ላይ አንገቱን ደፍቶ እንቅልፍ ይወስደዋል። ያኔ ኮፍያው ወደ ላይ ይሸሻል፣ ማጅራቱ ብርድ ይመታዋል። እናቴ ይህን አይታለች። መላም አበጅታለታለች።

ዲዛይን ማለት ይሄ ነው። ከውጭ በመጣ መጽሔት ላይ አታገኙትም። መጽሔቱን ያዘጋጀችው ሴት ልጇን የምትወስደው በጋሪ ነው።

የራሳችሁን ንድፍ አውጡ የምላችሁም ለዚህ ነው። የኛ ሴት ሹሩባ ተሠርታ ነው ኮፍያ የምታደርገው። ለሹሩባ የሚሆን ኮፍያ ጠለቅ ማለት አለበት። ከላዩ ነጠላ የምትደርብበት ከሆነ አናቱ ላይ ድብልብል ያለ ጌጥ አይመቻትም። ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከፍታው ግን ከ500 ሜትር በላይ ይቀንሳል። የደሴን ወፍራም ሹራብ እዚያ ማን ይለብሰዋል? ለኮምቦልቻ ቀጭን የጥጥ ክር ነው የሚያምረው። ለደላንታ ሰው ደግሞ ጆሮ የሚሸፍን ሥሩለት። የደጋችን በግ ጠጉር ለባና ግሩም ነው፣ ለጨቅላ ቆዳ ግን ይሻክራል። ይህን ሁሉ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

እሺ፣ ከየት ይጀመራል? ከናሙና።

ናሙና ስል 15 በ15 ሴንቲ ሜትር የሆነች ቁራጭ ማለቴ ነው። በምትሠሩበት ክር፣ በምትሠሩበት መርፌ ሥሯት። እጠቧት። ዘርግታችሁ አድርቋት። አክሪሊክ ከሆነች ካውያ አታስነኳት፣ ክሩ ይሞታል። ስትደርቅ መሀሏ ላይ ማስመሪያ አስቀምጡና በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ዓይን እንዳለ ወደ ጎን ቁጠሩ። ስንት መስመር እንዳለም ወደ ላይ ቁጠሩ። ጠርዟን አትለኩ፣ ጠርዝ ይዋሻል።

ለምሳሌ ወደ ጎን 18 ዓይን፣ ወደ ላይ 24 መስመር ወጣ እንበል። የምንሠራለት ሰው የራሱ ዙሪያ 56 ሴንቲ ሜትር ነው። ኮፍያውን 56 አድርገን ብንሠራው ቅንድቡ ላይ ይወርድበታል። ሹራብ ይለጠጣልና ከራሱ ልክ 10 በመቶ ገደማ እንቀንሳለን። 50 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በአንድ ሴንቲ ሜትር 1.8 ዓይን አለን። 50 በ1.8 ሲባዛ 90 ይሆናል። ግን ጠርዙ ሁለት በሁለት እያልን የምንሠራው፣ እንደ ላስቲክ የሚሳበው ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ለ4 መካፈል አለበት። አናቱን ለ8 የምንከፍል ከሆነ ደግሞ ለ8 መካፈል አለበት። 90 አይሆንም። 88 እናደርገዋለን። አለቀ። ይህን ኮፍያ ከማንም አልቀዳችሁም።

አሁን ናሙናውን ንቃችሁ በግምት ብትሠሩስ? እጃችሁ ትንሽ ጠበቅ አድርጎ በ10 ሴንቲ ሜትር 20 ዓይን ቢያወጣ፣ ያው 88 ዓይን 44 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። የሁለት ዓይን ልዩነት የአባትን ኮፍያ የልጅ አደረገው።

ይህን የምለው ከፍዬበት ነው። አንድ ክረምት 30 የተማሪ ሹራብ ታዘዝኩ። መሀል ላይ ክሩ አለቀ። ከሌላ ሱቅ ያንኑ ቀለም ገዛሁ። በዓይን አንድ ነው፣ በእጅ ግን ቀጠን ይላል። ቀኑ ደርሶብኝ ናሙና ሳልሠራ ቀጠልኩ። 11 ሹራብ ጠበበ። ሁሉንም ተርትሬ እንደገና ሠራሁ። የዚያ ክረምት ትርፍ እዚያው ቀረ።

ከሰልባጅ ለምትተረትሩ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። ክሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም። ውፍረቱንም የሚነግራችሁ ናሙናው ብቻ ነው። የተተረተረ ክር ቶሎ አይቃናም፣ እንደተጠማዘዘ ይቆያል። በልቃቂት ሳይሆን ዘርዘር አድርጋችሁ እሰሩት፣ ንከሩት፣ ከሥሩ ትንሽ ክብደት አንጠልጥላችሁ አድርቁት። ካልተቃና ናሙናውም ያታልላችኋል።

እዚህ መካከል ስፌት የምትሰፉ እናቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። የኮፍያ አናት ለእናንተ እንግዳ አይደለም። ሰፌድ ከመሀል ተነስቶ እየሰፋ ይሄዳል። ኮፍያ ከጠርዝ ተነስቶ እየጠበበ መሀል ላይ ይዘጋል። መንገዱ አንድ ነው፣ የሚሄዱበት አቅጣጫ ነው የሚለየው። 88ቱን ለ8 ስንከፍል በየክፍሉ 11 ዓይን ይደርሳል። በየሁለት ዙሩ ከየክፍሉ ሁለቱን ዓይን አንድ ላይ እንሠራለን። 10 ጊዜ ስንቀንስ በየክፍሉ 1 ይቀራል፣ በድምሩ 8። ክሩን በ8ቱ ውስጥ አሳልፈን ሰብሰብ እናደርገዋለን። 20 ዙር ሄድን ማለት ነው፣ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል። ኮፍያው በጠቅላላ 21 ሴንቲ ሜትር እንዲሆን ከፈለግን፣ ሳንቀንስ ቀጥ ብለን የምንሠራው 13 ሴንቲ ሜትር ነው። በመስመር 31።

እዚህ ላይ መጫወት ትችላላችሁ። ቀስ ብላችሁ ከቀነሳችሁ አናቱ እንደ መሶብ ክዳን ይሾላል። ቶሎ ቶሎ ከቀነሳችሁ እንደ ሰፌድ ይተኛል። አክርማና አለላ ይዛችሁ ስታደርጉት የኖራችሁት ነው። ወስፌውን በሹራብ መርፌ ቀይሩት፣ ሒሳቡ ያው ነው።

ሙሉ ሹራብ ያስፈራል የምትሉ አትፍሩ፣ አብሽሩ። ኤልዛቤት ዚመርማን የምትባል፣ እንግሊዝ ተወልዳ አሜሪካ የኖረች ትልቅ ሹራብ ሠሪ ነበረች። ሁሉንም ነገር ከደረት ዙሪያ በመቶኛ ታሰላው ነበር። የደረቱ ዓይን 100 ከተባለ፣ የእጅጌው ጫፍ 20 አካባቢ፣ የክንዱ ላይኛ 33 አካባቢ፣ አንገቱ 40 አካባቢ ነው። በኛ ናሙና እንየው። ደረቷ 96 ሴንቲ ሜትር ለሆነች ሴት እንድትላወስበት 8 እንጨምር፣ 104 ይሆናል። በ1.8 ስናባዛው 187 ይመጣል፣ 188 እንበለው። የእጅጌ ጫፍ 38፣ ክንድ 62፣ አንገት 76 ዓይን። ከዚህ በኋላ ሰውየዋን አይቶ ማስተካከል ነው። ክንደ ሙሉ ለሆነች ሴት 62 ያንሳል። መቶኛው መነሻ ነው፣ ሜትሩን ከእጃችሁ አትጣሉት።

አሁን ወደ መጻፉ ልምጣ። ከባዱ እዚህ ነው።

በአማርኛ ስንጽፍ መጀመሪያ የሚገጥመን የቃል ችግር ነው። ሁላችንም እጃችን ያውቀዋል፣ ስሙን ግን አንዷ እንዲህ ትለዋለች፣ ሌላዋ እንዲያ። እኔ ፊቱን የሚሰጠውን “ቀና” እለዋለሁ፣ ጀርባውን የሚሰጠውን “ግልብጥ”። ሳሳጥረው “ቀ” እና “ግ”። ጠርዙን ስጽፍ “ቀ2 ግ2” ብዬ አልፋለሁ። እናንተ ሌላ ቃል ካላችሁ በእናንተው ጻፉ። ብቻ ወረቀቱ አናት ላይ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ አስቀምጡ፣ እስከ መጨረሻም አትቀይሩት። ለሦስት ልክ ስትጽፉ ደግሞ እንዲህ አድርጉት፦ 80 (88፣ 96)። ትንሹ ከቅንፍ ውጭ፣ ሌሎቹ በቅንፍ ውስጥ። ሠሪዋ የራሷን ልክ አክብባ ትሄዳለች።

በእንግሊዝኛ ታትመው ከተገኙት የሹራብ አሠራር ጽሑፎች የመጀመሪያው የሚባለው በ1655 እ.ኤ.አ. ለንደን የታተመ የካልሲ አሠራር ነው። ዛሬ ለሚያነበው ሰው ግራ ያጋባል። እነሱም በአንድ ቀን አልለመዱትም ማለት ነው። ሥራው ራሱ ደግሞ ከነሱ የጀመረ አይደለም። እስካሁን ከተገኙት በጣም ጥንታዊ ሹራቦች መካከል የግብፅ የጥጥ ካልሲዎች አሉ። እዚሁ ዓባይ ዳር።

የመጀመሪያውን ጽሑፌን ለአንዲት የጎረቤት ልጅ ሰጠኋት። ጎበዝ እጅ አላት። በሦስተኛው ቀን መጣች። “እትዬ፣ እዚህ ጋ ‘እስኪበቃ ድረስ ሥሪ’ ይላል። ስንት ነው የሚበቃው?” አለችኝ። ዝም አልኩ። እውነቷን ነው። እናቶቻችን ወጡን ሲያስተምሩን “ጨው እስኪበቃው” ይላሉ፣ ቀምሰን እንደርስበታለን። ሹራብ ግን አይቀመስም። “እስኪበቃ” የሚለውን ሰርዤ “13 ሴንቲ ሜትር” ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ወዲህ አንድም ንድፍ ሌላ ሰው ሳይሠራው ከቤቴ አይወጣም። የምትሠራው ሴት አጠገቤ ሆና እኔን እየጠየቀች ከሆነ አይቆጠርም። ወረቀቷን ይዛ ቤቷ ትሂድ። የት ላይ እንደቆመች ከዚያ ትንገረኝ።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፣ ብዙዎቻችን አንሰማውም። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ወጥ የሆነን ሥራ የሚጠብቀው በጽሑፍ ሲሰፍር ወይም በሌላ መንገድ ሲቀረጽ ነው። ማመልከቻ ማስገባት፣ መመዝገብ አይጠይቅም። ጭንቅላታችሁ ውስጥ ያለውን ግን አይጠብቅላችሁም። የጻፋችሁትን ወረቀት የእናንተ ነው ማለት ትችላላችሁ። የሌላ ሰው ጽሑፍ ላይም ስማችሁን አትጻፉ፣ ያው ሕግ እሷንም ይጠብቃታል።

የእናቴን ኮፍያ ጽፌ ጨርሻለሁ። አንድ ገጽ ነው። በ10 ሴንቲ ሜትር 22 ዓይን፣ ዙሪያው 84፣ አናቱ 7 ክፍል፣ ማጅራቱ ላይ 6 ተጨማሪ መስመር። ከላይ የሷን ስም ጽፌበታለሁ። ኮፒው በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ፣ ስትወጡ አንድ አንድ ውሰዱ። ቤታችሁ ሕፃን ካለ ሥሩለት። የማይገባ መስመር ካገኛችሁ እርሳስ አንሱና ወረቀቱ ላይ ጻፉብኝ፣ በሚቀጥለው ስንገናኝ አስተካክለዋለሁ።

7ቱ ለምን እንደሆነ የገባው ሰው ካለ ደግሞ ንገሩኝ።